ጎልድፊሽ በቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎልድፊሽ ቀላል የቤት እንስሳ ነው ይባላል። ጠንካራ ዓሣ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩ፣ ሰው ይህን ሲሰማ የማይረባ ቤት ያዘጋጅለታል። ከዚያ ዓሣው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞትና “ድሮም ዕድሜው አጭር ነው” ተብሎ ይታለፋል። ከታች ያሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ማንበብ ግድ አይደለም። ዓሣ ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ግን ስለ አዲስ አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን) የሚያወራውን ሳታነቡ ምንም አትግዙ።

ጎልድፊሽ ስንት ዓመት ይኖራል?

በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት። 20 የሚያልፉም አሉ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 በአንድ የመዝናኛ ትርኢት ላይ በሽልማት የተገኘ ቲሽ የሚባል ጎልድፊሽ እስከ 1999 ኖሯል፤ 43 ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ ለልጃችሁ ስትገዙ፣ ልጁ አድጎ ከቤት ሲወጣ ዓሣው እናንተ ዘንድ ሊቀር እንደሚችል ቀድማችሁ አስቡበት።

በክብ ብርጭቆ ውስጥ ማኖር ይቻላል?

አይቻልም። ይኖራል ወይ ከተባለ ለጊዜው ይኖራል፤ ግን ቀስ እያለ ይታመማል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይጸዳዳል። በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካል፣ በኩልም አሞኒያ ያለማቋረጥ ያስወጣል። ውሃው ጥቂት ከሆነ አሞኒያው ወዲያው ይከማቻል። ሁለተኛ፣ ኦክስጅን ወደ ውሃው የሚገባው ውሃና አየር በሚገናኙበት ገጽ ላይ ነው። ክብ ብርጭቆ እስከ አፉ ሲሞላ ደግሞ ያ ገጽ ጠባብ ይሆናል። ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) ማስገቢያ ቦታም የለውም።

“ዓሣው እንደ ቤቱ መጠን ነው የሚያድገው” የሚል ወሬ አለ። አትሸወዱ። በጠባብ ቦታ ያለ ዓሣ እድገቱ የሚገታው በቆሸሸ ውሃ ስለሚጎዳ ነው። ትንሽ ሆኖ መቅረቱ የጤና ምልክት አይደለም።

ታዲያ ስንት ሊትር ያስፈልገኛል?

በመጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ጎልድፊሾች በጅምላ ሲታዩ ሁለት ወገን ናቸው።

ባለ አንድ ጅራቶቹ፣ ማለትም ተራው ጎልድፊሽ፣ ኮሜት እና ሹቡንኪን፣ ሰውነታቸው ቀጭንና ረዘም ያለ ነው። ፈጣን ዋናተኞች ናቸው። ሲያድጉ 25 እና 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። እውነቱን ለመናገር የእነዚህ ትክክለኛ ቤት የግቢ ኩሬ ነው። ቤት ውስጥ ይሁኑ ከተባለ ከ200 ሊትር በላይ የሚይዝ ረጅም አኳሪየም ይፈልጋሉ።

ባለ ሁለት ጅራቶቹ ደግሞ ፋንቴይል፣ ኦራንዳ፣ ራንቹ፣ ቴሌስኮፕ የሚባሉት ናቸው። ሆዳቸው ድብልብል ነው፣ ዋናቸው ቀርፋፋ ነው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያድጋሉ። ለአፓርታማም ሆነ ለመኖሪያ ክፍል የሚመቹት እነዚህ ናቸው። ለመጀመሪያው ዓሣ 75 ወይም 80 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓሣ ሌላ 40 ሊትር ያህል አስቡ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ለሁለት ዓሣ ከ120 ሊትር በታች ባትጀምሩ ይሻላል። ትልቅ አኳሪየም ለጀማሪ ይበልጥ ይቀላል። ስህተት ብትሠሩ እንኳ ብዙ ውሃ ቶሎ አይበላሽም።

ቅርጹን ስትመርጡ ከፍታ ያለውን ትታችሁ ረጅምና ሰፊውን ውሰዱ። ዓሣው የሚዋኘው ወደ ጎን ነው።

የት ላስቀምጠው?

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 120 ሊትር ውሃ ከመስታወቱና ከድንጋዩ ጋር ከ140 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ተራ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ይህን አይችልም፤ ጠንካራና ልኩ የተስተካከለ ማስቀመጫ ይፈልጋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። ውሃው ይግላል፣ አልጌም ይወርሰዋል።

ትንሽ የምትመስል ግን ትልቅ ነገር ልጨምር። የፊልተሩ ገመድ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ መጀመሪያ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ካለ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

አኳሪየሙንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቼ ባስገባው ምን ችግር አለው?

አብዛኛው ጎልድፊሽ የሚሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ዓሣው የሚያስወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ስንጥቡን ያቃጥላል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ ይህን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይሩ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በውሃው ውስጥ አይደለም። የፊልተሩ ስፖንጅ፣ ድንጋዩና መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው።

አዲስ አኳሪየም ውስጥ ታዲያ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና የሉም። ተራብተው በቂ እስኪሆኑ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ዓሣውን በመጀመሪያው ቀን ካስገባችሁት ያንን ጊዜ በሙሉ በራሱ መርዝ ውስጥ እየተነፈሰ ነው የሚያሳልፈው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ይመስላል። በሳምንቱ ግን ክንፉን አጣጥፎ ጥግ ይይዛል።

የሚሻለው መንገድ ዓሣ ሳይኖር ማዘጋጀት ነው። አኳሪየሙን ሙሉ፣ ክሎሪኑን አስወግዱ፣ ፊልተሩን አስነሱ። ከዚያ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ስጧቸው። ሽቶም ሳሙናም ያልተቀላቀለበት ንጹህ የአሞኒያ ፈሳሽ ካገኛችሁ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ጨምሩ። ካላገኛችሁ በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጣሉበት፤ ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ለኩ። መጀመሪያ አሞኒያው ይጨምራል። ቀጥሎ አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይጨምራል። በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ይሆኑና ናይትሬት ብቻ ይቀራል። የጨመራችሁት አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይትም ዜሮ ካነበበ፣ ከግማሽ በላይ ውሃውን ቀይራችሁ ዓሣ ማስገባት ትችላላችሁ።

ማሳጠር ይቻላል? ይቻላል። ጤነኛ ዓሣ ያለው፣ የቆየ አኳሪየም ካለው ሰው ያገለገለ የፊልተር ስፖንጅ ለምኑ። ያደፈው ስፖንጅ ለእናንተ ወርቅ ነው። እርጥብ እንደሆነ አምጥታችሁ የእናንተ ፊልተር ውስጥ ክተቱት። በጠርሙስ የሚሸጡት ባክቴሪያዎችም አንዳንዶቹ ይሠራሉ፤ ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አምናችሁ መለካት አትተዉ።

ዓሣውን አስቀድሜ ገዝቻለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

አትደንግጡ፤ ሥራው ይበዛል እንጂ ትወጡታላችሁ። በየቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። አንዳቸው በሊትር 0.25 ሚሊግራም ካለፉ ከሩብ እስከ ግማሽ ውሃውን ቀይሩ። ምግብ በቀን አንዴ፣ ያውም ትንሽ። ዓሣ አትጨምሩ። ፊልተሩን አትንኩት። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይወስዳል።

ውሃው ጥርት ያለ ነው። ለምን እለካለሁ?

አሞኒያ ቀለም የለውም። በዓይን የጠራ ውሃ ዓሣ ሊገድል ይችላል። በተቃራኒው ትንሽ አረንጓዴ የመሰለ ውሃ ውስጥ ዓሣው ምንም ሳይሆን ሊኖር ይችላል።

በጠብታ የሚሠራው መለኪያ ኪት ከወረቀቱ የተሻለ ትክክለኛ ነው። በትንሿ የብርጭቆ ቱቦ ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ጠብታዎቹን ቆጥራችሁ ትጨምራላችሁ፣ ትነቀንቃላችሁ፣ የተባለውን ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። በተለመደው የአሞኒያ መለኪያ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ዜሮ ነው። ወደ አረንጓዴ ካዘነበለ አሞኒያ አለ። አረንጓዴው በጠቆረ ቁጥር ችግሩ ከፍቷል። ቀለሙን ከካርዱ ጋር ስታስተያዩ በቀን ብርሃን ይሁን፤ ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ሁሉም ነገር ቢጫ ይመስላል።

የሚፈለገው እንዲህ ነው፦ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች፣ ቢቻል 20 አካባቢ። ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) ከ7 እስከ 8 ቢሆን ለጎልድፊሽ ይስማማዋል። ፒኤቹ በመጠኑ ከዚህ ወጣ ቢልም ባለበት ከረጋ በኬሚካል አታስተካክሉት። ወዲያና ወዲህ የሚል ፒኤች ትንሽ ዘንበል ካለው የባሰ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ፒኤችና ሙቀት ከፍ ሲሉ ያው የአሞኒያ መጠን የበለጠ መርዛማ ይሆናል።

የቧንቧ ውሃ መጠቀም እችላለሁ?

አዎ፣ ክሎሪኑን ካስወገዳችሁ። ክሎሪን ጀርም እንዲገድል ነው የሚጨመረው፤ የፊልተራችሁን ባክቴሪያም የዓሣውን ስንጥብም አይለይም። ውሃውን በሰፊ ባልዲ ለ24 ሰዓት ክፍት አድርጎ ማሳደር ክሎሪኑን ያበንነዋል። ይሁን እንጂ አንዳንድ የውሃ ተቋማት በክሎሪን ፋንታ ክሎራሚን ይጠቀማሉ። ክሎራሚን ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት ነው፣ በማሳደር ብቻ አይጠፋም። ስለዚህ ክሎሪን ማስወገጃ ፈሳሽ መግዛቱ ይሻላል። ጥቂት ጠብታ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል።

የተጣራ ውሃ፣ ማለትም ማዕድኑ የወጣለት፣ ብቻውን አይሆንም። ዓሣው ማዕድኑን ይፈልገዋል።

ውሃ በየስንት ጊዜ ልቀይር? ስንት ያህል?

በሳምንት አንዴ፣ ከሩብ እስከ ግማሽ። ናይትሬቱ ቶሎ የሚጨምር ከሆነ ወይ ብዙ ቀይሩ ወይ ዓሣው በዝቶባችኋል።

አኳሪየሙን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ፣ ድንጋዩን በሳሙና አጥቦ፣ አዲስ ውሃ መሙላት “ጽዳት” ይመስላል። ግን ባክቴሪያዎቹን ጠርጎ ያስወጣል፣ ዓሣውንም ያስደነግጣል። ሳሙና ለአኳሪየም ዕቃ በጭራሽ አይሁን። ለአኳሪየሙ ብቻ የሚያገለግል አንድ ባልዲ ለዩ፤ ልብስም ወለልም አይታጠብበት።

የመምጠጫ ቱቦውን ጫፍ ታች ወዳለው አሸዋ ወይም ድንጋይ አስጠጉት። ቡናማው ቆሻሻ ከመካከሉ ተነስቶ በቱቦው ውስጥ ሲወጣ ታያላችሁ። አሸዋው ደግሞ ስለሚከብድ መልሶ ይወድቃል። የምትጨምሩት ውሃ ሙቀቱ ከነበረው ጋር ይቀራረብ። በእጅ መለካት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ቴርሞሜትር ግን አይሳሳትም።

ፊልተሩስ?

ጎልድፊሽ ብዙ ስለሚያቆሽሽ ለሌላ ዓሣ የሚበቃው ፊልተር ለእሱ አይበቃውም። ካርቶኑ ላይ “እስከ 100 ሊትር” ከተባለ ለ50 ሊትር አስቡት። በሰዓት የአኳሪየሙን ውሃ ስምንት አሥር ጊዜ ያህል የሚያዞር ቢሆን ጥሩ ነው። ባለ ሁለት ጅራቶቹ ደካማ ዋናተኞች ስለሆኑ ፍሰቱን ወደ መስታወቱ አዙሩት።

ስፖንጁን በቧንቧ ሥር አትጠቡት። ውሃ ስትቀይሩ ያወጣችሁትን የአኳሪየም ውሃ በባልዲ ያዙና እዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ውሃው እንደ ጥቁር ሻይ ይሆናል። ስፖንጁ ነጭ እስኪሆን አትድከሙ፤ ውሃ ካሳለፈ በቂ ነው። ካልተበጣጠሰ አትቀይሩት። “በየወሩ ይቀየር” የሚለውን የካርቶን ጽሑፍ የሚጽፈው ስፖንጅ የሚሸጠው ሰው ነው።

ማታ ድምፁ ረበሸን ብላችሁ አታጥፉት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ያጣሉ፤ የተዘጋ ፊልተር ከሆነ ስፖንጁን አውጥታችሁ አኳሪየሙ ውስጥ አስቀምጡት። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር ፓምፕ ቤት ውስጥ መኖሩ አይከፋም። እስከዚያው ምግብ አትስጡ።

ማሞቂያ ያስፈልገዋል?

አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ነው። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቸዋል። ባለ ሁለት ጅራቶቹ ትንሽ ሞቅ ያለውን ይመርጣሉ። የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ ቀን 26፣ ሌሊት 15 የሚሆን ክፍል ካላችሁ ማሞቂያ ተጠቅማችሁ ብታረጉት ይሻላል።

ሙቀት ሲጨምር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣው ግን ይበልጥ ይፈልጋል። በሞቃት ቀናት አየር ፓምፕ ጨምሩ፣ መብራቱን አጥፉ፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጉ።

በነገራችን ላይ ጎልድፊሽ በረዶ በሸፈነው ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ጠፍቶም ለረጅም ጊዜ መትረፍ ይችላል። ሰውነቱ የሚጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ ያስወጣዋል። የሚገርም ነው። ግን ይህ የሚሆነው ሰውነቱ በብርድ በደነዘዘበት ሁኔታ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ላለው ዓሣ “ኦክስጅን አያስፈልገውም” ማለት አይደለም።

ምን ላብላው? ሁልጊዜ የራበው ይመስላል።

ይመስላል፣ ሁልጊዜም ይመስላል። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም። ምግቡ በቀጥታ አንጀት ውስጥ ስለሚያልፍ ቀኑን ሙሉ ሲለቃቅም የሚውል ፍጥረት ነው። ወደ መስታወቱ በቀረባችሁ ቁጥር አፉን እየከፈተ ይለምናችኋል። አንጀታችሁ አይባባ።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ብቻ። ከዚያ የተረፈ ካለ በዝቷል፤ አውጡት። ለጎልድፊሽ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ወደ ታች የሚሰምጥ እንክብል ምግብ ይሻላል። ላይ የሚንሳፈፈውን ሲበላ አየር አብሮ ይውጣል። ደረቁን ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት ለጥቂት ሰከንድ በውሃ ብታርሱት ጥሩ ነው።

አትክልት ይወዳል። አንድ አተር ቀቅሉ፣ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ስታደርጉት ልጣጩ ሹልክ ብሎ ይወጣል፣ ውስጡን ከፋፍላችሁ ስጡት። በትንሹ የተቀቀለ ስፒናች፣ ሰላጣ፣ ልጣጩ የተነሳ ዱባም ይሆናል። ዳቦ፣ ብስኩት፣ የሰው ምግብ ግን አይሆንም።

ለአንድ ሳምንት ከቤት ብወጣስ?

ጤነኛ የሆነ ትልቅ ዓሣ አንድ ሳምንት ሳይበላ ምንም አይሆንም። የሚያሰጋው ለጎረቤት አደራ መስጠቱ ነው። ደግ ጎረቤት ዓሣው እየለመነው ዝም ማለት አይችልም። ካስፈለገ የየቀኑን ምግብ በትንንሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡት፤ ዋናውን ዕቃ ደብቁት።

ተገልብጦ ወይም በጎኑ ይንሳፈፋል። ሞተ ማለት ነው?

ስንጥቡ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልሞተም። ዓሣ ሚዛኑን የሚጠብቅበት በውስጡ አየር የተሞላ ከረጢት አለው። ባለ ሁለት ጅራቶቹ ሰውነታቸው እንዲያጥርና እንዲከብ ተደርጎ ስለተዳቀሉ አንጀታቸውና ይህ ከረጢት ተጨናንቀው ነው የሚኖሩት። ከመጠን በላይ ሲበሉ ወይም ሆዳቸው ሲደርቅባቸው ሚዛናቸውን ያጣሉ።

መጀመሪያ ውሃውን ለኩ። ቁጥሩ ደህና ከሆነ ለሁለት ሦስት ቀን ምግብ አቁሙ፣ ከዚያ ልጣጩ የወጣ አተር ጀምሩለት። ብዙዎቹ በዚህ ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ግን አፈጣጠራቸው ስለሆነ አይድኑም፤ ያም ሆኖ ምግቡ አፉ አጠገብ ከደረሰለት ለዓመታት ሊኖር ይችላል።

አፉን ወደ ላይ አውጥቶ አየር የሚውጥ ይመስላል።

ይህ ጊዜ አይሰጥም። ወይ ኦክስጅን አጥቷል፣ ወይ አሞኒያና ናይትራይት ስንጥቡን ጎድተውታል። ወዲያውኑ ግማሽ ውሃ ቀይሩ፣ ክሎሪን ማስወገጃውን እንዳትረሱ። የፊልተሩ መውጫ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ አስተካክሉ። ከዚያ ለኩ። መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጡበት።

የት እንደወጡ በደንብ እዩ። ጨው የተነሰነሰበት ይመስል በሰውነቱ፣ በክንፉና በጅራቱ ሁሉ ከተበተኑ፣ ዓሣውም ድንጋይ ላይ እየተፋተገ ከሆነ፣ ኢክ የሚባለው ጥገኛ ነው። ነጠብጣቦቹ የስንጥቡ ሽፋንና የፊት ክንፉ የመጀመሪያ አጥንት ላይ ብቻ ተደርድረው ከታዩ፣ ዓሣው ደግሞ ንቁ ከሆነ፣ ምናልባት ወንድ ነው፤ የመራቢያ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ብዙ ጤነኛ ወንድ በዚህ ስህተት መድኃኒት ተጨምሮበታል።

ኢክ ከሆነ፣ ነጠብጣቡ ውስጥ ያለው ጥገኛ ቆዳው ሥር ስለተሸሸገ መድኃኒት አያገኘውም። ሲበስል ይወድቃል፣ ታች ይራባል፣ ልጆቹ አዲስ ቆዳ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒቱ የሚገድለው ያኔ ነው። ለዚህ ነው ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላም ሕክምናው የሚቀጥለው። መመሪያው ላይ የተጻፈውን ቀን ሳትጨርሱ አታቋርጡ። ፊልተራችሁ ውስጥ ከሰል ካለ አውጡት፤ መድኃኒቱን ይመጥጠዋል።

ቅርፊቱ ቆሞ ሰውነቱ አብጧል።

ይህ ከባድ ነው። ፈሳሽ በሰውነቱ ውስጥ ሲጠራቀም የሚታይ ምልክት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ኩላሊቱ ተጎድቷል። ለብቻው ለዩት፣ ውሃውን ንጹህ አድርጉለት፣ የዓሣ ሕክምና የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ካለ አማክሩ። ተስፋው ጠባብ መሆኑን ግን አልደብቃችሁም።

ቀለሙ ተለወጠ።

ይለወጣል። ሕፃን ጎልድፊሽ ነሐስማ ቡናማ ሆኖ ነው የሚጀምረው፣ ብርቱካናማው ኋላ ይመጣል። ሲያረጅ የሚነጣም አለ። ድንገት ጥቁር ጠባሳ መሰል ነገር ከወጣ ግን ቆዳው እየዳነ ሊሆን ስለሚችል አሞኒያውን ለኩ።

ብቻውን ይሰለቸዋል? ከማን ጋር ላኑረው?

በመንጋ የሚኖር ዓሣ ነው፤ ቦታ ካለ ሁለት ቢሆኑ ደስ ይለዋል። ጓደኛው ግን ሌላ ጎልድፊሽ ይሁን፣ ያውም ከራሱ ወገን። ባለ አንድ ጅራቱ ፈጣን ስለሆነ ምግቡን ሁሉ ቀድሞ ይጨርስበታል። የሞቃት ውሃ ዓሦች ሙቀታቸው አይገጥምም፤ ትንንሾቹን ደግሞ አፉ ውስጥ ከገቡለት ይውጣቸዋል። መስታወት ያጸዳል እየተባለ የሚሸጠው ፕሌኮ የሚባል ዓሣ ሌሊት ላይ የጎልድፊሹን ጎን ሊመጥና ቆዳውን ሊያቆስል ይችላል። አልጌውን በስፖንጅ አሹት።

ድንጋይ፣ ተክል፣ ጌጥ?

ጎልድፊሽ ታች ያለውን ሁሉ ወደ አፉ እያስገባ ይተፋል። የአተር መጠን ያለው ጠጠር ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። ወይ ደቃቅ አሸዋ፣ ወይ ከአፉ የሚበልጥ ድንጋይ፣ ወይ ምንም። ጫፉ ስለታማ የሆነ ጌጥ ወደ ውጭ የወጣውን የቴሌስኮፕን ዓይን ይጎዳል።

ለስላሳ ተክል ሁሉ ሰላጣው ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ ይተርፋሉ። እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በክር እሰሯቸው፤ አሸዋ ውስጥ ከቀበራችኋቸው ሥሩ ይበሰብሳል፣ ወይ ይነቅላቸዋል።

አዲስ ዓሣ ስመርጥ ምን ልይ? ሳመጣውስ?

ክንፉ የተዘረጋ፣ ምግብ ሲያይ የሚመጣ፣ ቁስል የሌለበት ይሁን። የጎረቤቶቹንም ሁኔታ እዩ። እዚያው ውሃ ውስጥ የሞተ ዓሣ ካለ ትታችሁ ውጡ፤ የቀረው ሁሉ የሚተነፍሰው ያንኑ ውሃ ነው።

ቤት ስትደርሱ ፌስታሉን ሳትፈቱ አኳሪየሙ ላይ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ አንሳፍፉት፣ ሙቀቱ ይመጣጠን። ከዚያ የአኳሪየሙን ውሃ በየጥቂት ደቂቃው በኩባያ እየጨመራችሁ አለማምዱት። በመጨረሻ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፣ የፌስታሉን ውሃ ድፉት። ቤት ሌላ ዓሣ ካለ አዲሱን ለ3 ወይም 4 ሳምንት ለብቻው አቆዩት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ ዓሣ ነው የሚገባው።

ይተኛል? መብራት ሌሊቱን ይብራ?

ይተኛል። የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን አይከድንም እንጂ ታች ወርዶ ዝም ይላል። መብራቱ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል፣ ሌሊት ይጥፋ።

ትዝታው ሦስት ሰከንድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ውሸት ነው። ምግብ የሚሰጠውን ሰው፣ ሰዓቱን፣ የምግቡን ዕቃ ድምፅ ይለያል። የተማረውንም ለወራት ያስታውሳል።

ማሳደግ ካቃተኝ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ልልቀቀው?

በፍጹም። ውለታ የዋላችሁለት ይመስላችኋል፤ ግን ወይ ይሞታል፣ ወይ ይተርፍና ይራባል። ሁለተኛው ይብሳል። ጎልድፊሽ የሐይቁን ታች እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ተክሉን ይነቅላል፣ የነባር ዓሦችን ዕንቁላል ይበላል፣ በሽታም ያስተላልፋል። በብዙ አገሮች ከቤት የተለቀቁ ጎልድፊሾች ሐይቆችን ወርረዋል፤ ከቤታችን ከምናውቃቸው በብዙ እጥፍ ገዝፈውም ተገኝተዋል። ትልቅ አኳሪየም ወይም የታጠረ ኩሬ ያለው ሰው ፈልጉ፣ ካልሆነ የገዛችሁበት ሱቅ መልሶ ይወስደው እንደሆነ ጠይቁ። ስትሰጡት ያገለገለውን የፊልተር ስፖንጅም አብራችሁ ስጡ፤ ተቀባዩ አዲስ አኳሪየም የሚጀምር ከሆነ ከአንድ ወር ጥበቃ ይገላገላል።